አፉ ወደ በር

ሰው ሲያነብ ምልክት አያነብም። ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን እናቴ ትሠራበት ከነበረው የጽሕፈት ሱቅ ነው። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ቁጭ ይላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳያስቀር ያነብላታል። «እዚህ ጋ ቅንፍ አለ» የሚል ግን አላጋጠመኝም። ያቺን ጋደል ያለች ሰረዝ «እዝባር» ብሎ የሚጠራትም የለም። ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ጥያቄ ምልክት ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ሌላውን ጸሐፊዋ እንዳሻት ታድርገው ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ዛሬ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ስለቅም እውልና ቤቴ ስገባ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ከተቀመጠችበት ሆና «ዛሬስ ምን ያዝሽ?» ትለኛለች፤ ስህተት ማለቷ ነው። አንዳንድ ቀን እነግራታለሁ፣ ሁለታችንም እንስቃለን። አንዳንድ ቀን ግን አፌን ለመክፈት እንኳ አቅም ስለማይኖረኝ «ምንም የለም፣ እማዬ» እላታለሁ። ታኮርፋለች። እሷ ማኩረፏ ልክ ነው፤ እኔም መድከሜ ልክ ነው። ስለዚያ ሱቅ የማስበው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ስንኳረፍ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነበር። በሩ ወደ መንገድ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ከበሩ ወደ መስኮቱ በሚያልፈው ቀጭን መተላለፊያ በዚህም በዚያም አንድ አንድ ጠረጴዛ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ፊታቸውን ወደየግድግዳቸው አዙረው፣ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ነው የሚሠሩት። ማተሚያው ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ልብሳችን ላይ ይቀራል። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደዚያ እመጣና እናቴ አጠገብ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ።

የሱቁን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ጠዋት ይከፍታል፣ ከምሳ በኋላ «ወረቀትና ቀለም ልግዛ» ብሎ ይወጣል፣ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ይመለሳል። ወረቀት የሚሸጠው የት አገር እንደነበር እንጃ። ሁለተኛዋን ጸሐፊ ደግሞ ባለጥፍሯ የሚል ስም አውጥቼላት ነበር። ወጣት ናት፣ ጥፍሮቿ ረጃጅምና ቀይ፣ ስትጽፍ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ብዙ አትናገርም፤ ግን ወንበሯን ዞር እያደረገች የእናቴን ስክሪን ስታይ እይዛታለሁ። አልወደድኳትም። የእናቴን ሙያ ልትሰርቅ የመጣች ነው የመሰለችኝ።

እናቴ በዚያ ሰፈር ፈጣኗ ጸሐፊ ነበረች። ፊደል ስትጽፍ እጇን አይታ አታውቅም። ምልክት ላይ ስትደርስ ግን ድሮም ቢሆን ጎንበስ ብላ ቁልፉን ትፈልግ ነበር፤ ጸሐፊ ሁሉ እንደዚያው ነው። ፊደሉን ጣት ይለምደዋል፣ ምልክቱን የሚያገኘው ዓይን ነው። በሳምንት አንዴ የሚነካ ቁልፍ የት እንዳለ ማን በጣቱ ያስታውሳል?

እና በዚያ ዘመን ዓይኗ እየከዳት ነበር። እኔ አላውቅም። የምታየው ነገር መሃሉ ይጠፋባታል፣ ዳር ዳሩ ይቀርላታል። መንገድ ትሄዳለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ ሰው መግባቱን ታውቃለች፤ ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍና የሰው ፊት ግን አይታያትም። ሐኪሙ የሚመለስ ነገር አይደለም ብሏታል። እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ ጠዋት ጠዋት ሥራ ገባች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው በዚያች ወንበር ነው፤ ከወንበሯ ከተነሳች የምንወድቅበት ቦታ አልነበረንም።

ስለዚህ ዘዴ አበጀች። ባለጉዳይ ወረቀት ሲዘረጋላት አንዴ ታነሳውና ትስቅበታለች።

«ኧረ ወንድሜ፣ ይሄን አንተ ጻፍከው ወይስ ዶሮ ጫረችው? በል ቁጭ በልና ራስህ አንብብልኝ።»

ሰውዬው አፍሮ ይስቃል፣ ቁጭ ይላል፣ ያነባል። እኔ የዓለም ሕዝብ በሙሉ የእጅ ጽሑፉ መጥፎ ነው ብዬ አምኜ ነው ያደግሁት። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከመጽሐፍ የተገለበጠ የመሰለ ጽሑፍ ይዘው መጡ። እሳቸውንም «አባቴ፣ ዶሮ ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ቅር ብሏቸው «ልጄ፣ እኔ በእጅ ጽሑፌ ተሸልሜበት አውቃለሁ» አሉ። እናቴ ደነገጠች። ባለጥፍሯ ያኔ ዞር ብላ «እትዬ በሁሉም ሰው እንዲህ ነው የምትቀልደው፣ አባባ፤ ቀልዷ ነው» አለች። ምን ጥልቅ አደረጋት ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ሌላም ሌላም ነገር አይቻለሁ፤ ሁሉንም በራሴ መንገድ ተረጎምኩት እንጂ። እናቴ ስታናግረኝ ፊቴን ትታ ጆሮዬን ማየት ጀመረች። በዳር በኩል ልታየኝ እየሞከረች እንደሆነ አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ጆሮዬ የቆሸሸ መስሎኝ በየቀኑ ሳሙና እየቀባሁ እስኪቀላ እፈትገው ነበር። መንገድ ላይ ጎረቤት እጁን አውለብልቦላት ዝም ብላ ስታልፍ ተጣልተዋል ማለት ነው ብዬ እኔም ያንን ጎረቤት ሰላም ማለት አቆማለሁ። በዚህ ዓይነት ከግማሹ ሰፈር ጋር ተኳረፍኩ።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ጨዋታችን ነበር። ባለጉዳይ ሲጠፋ እናቴ ዓይኗን ጨፍና እጇን ቁልፎቹ ላይ ታደርጋለች። እኔ ምልክት እጠራለሁ፣ እሷ ትፈልጋለች። የብዙዎቹን ስም ስለማላውቅ የራሴን አወጣሁላቸው። @ ቀንድ አውጣ ነው። # ፍርግርግ፣ ~ ትል፣ ^ ጣሪያ። & ደግሞ ቁጢጥ ብላ ልብስ የምታጥብ ሴትዮ ናት፤ ዛሬም ማተሚያ ቤት ውስጥ ስትመጣብኝ «ደክሞሽ የለም እንዴ?» ልላት ይቃጣኛል። እናቴ ስሞቼን ሳትቀይር ሥራቸውን ታስረዳኝ ነበር።

«ቀንድ አውጣው ምን ይሠራል?»

«ሰውና አድራሻ ያገናኛል። ከፊቱ ማን እንደሆነ፣ ከኋላው የት እንደሚገኝ ነው።»

«ሴትዮዋስ?»

«ሁለት ሰዎች ሽርክና ሲገቡ መሃላቸው ትቀመጣለች። እንደ ‹እና› ናት።»

«ቅንፍስ?»

«ድምፅን ዝቅ አድርጎ የሚነገር ነገር መክተቻ ነው። ሰውዬው ዋናውን እያወራ ጎን ለጎን አንዲት ነገር ሹክ ይልሻል።»

«ኮከቧስ?»

«እሷ ጣት ናት። ‹ከገጹ ግርጌ የምነግርሽ አለ፣ ሳታዪ እንዳትሄጂ› ትላለች። ሰው ግን አያይም፣ ይሄዳል።»

አቅጣጫ ላላቸው ምልክቶች የተለየ ስምምነት ነበረን፤ እኔ ቀኝና ግራ ይምታታብኝ ነበርና። እናቴ ዘዴ ፈጠረችልኝ። በእሷ ጠረጴዛ ስንቀመጥ በሩ በቀኛችን፣ መስኮቱ በግራችን ነው። ‹ይበልጣል› ወይም ‹ያንሳል› የምትለው የሒሳብ ምልክት አፏን የከፈተችው ወደ በሩ ከሆነ «አፉ ወደ በር» እላለሁ፣ ወደ መስኮቱ ከሆነ «አፉ ወደ መስኮት»። ቅንፍ ሲሆን ደግሞ «ሆዱ ወደ በር»፣ «ሆዱ ወደ መስኮት»። አንድም ቀን ተሳስተን አናውቅም፤ ከጊዜ በኋላ በር ስል ጣቷ ሳታስበው ይሄዳል።

የቁጥሮቹ ረድፍ ላይ ያሉት ግን ያስቸግሯት ነበር። ፍርግርጓን ስጠራ ዶላርን ትነካለች፣ ሴትዮዋን ስጠራ ጣሪያውን። መጀመሪያ እኔ ማሸነፌ ደስ አለኝ። ሲደጋገም ግን ነቃሁ፤ ትልቅ ሰው ልጅን እንደሚያባብለው ሆን ብላ እየተሸነፈችልኝ ነው አልኩ። አንድ ቀን አምስት ጊዜ ተከታትላ ስትስት በርጩማዬን ገፍቼ ተነሳሁ።

«አትሸነፊልኝ! እኔ ሕፃን አይደለሁም!»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። እጆቿ ከቁልፎቹ ላይ አልተነሱም።

«እሺ» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የእውነቴን እጫወታለሁ።»

ባለጥፍሯ ጀርባዋን እንደሰጠችን መጻፏን አቁማ ነበር። ያንን አስታውሳለሁ፣ ቀጭ ቀጩ ድንገት ስለጠፋ።

በማግስቱ ስመጣ የእናቴ ቁልፎች ላይ እዚህም እዚያም ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ። የጥፍር ቀለም ነው፤ ደርቆ እንደ ምስር ጓጉሏል። አንዱ ሦስት ቁጥር ላይ፣ አንዱ ሰባት ላይ፣ ሌሎችም። ማን እንዳደረገው ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር። ደሜ ፈልቶ የእናቴን እጅ ጎተትኩ።

«እማዬ፣ ማሽንሽን አበላሸችው! እዪ፣ እዪ፣ ቀለሟን አፈሰሰችበት!»

እናቴ ጣቷን በረድፉ ላይ ቀስ ብላ አስኬደች። ነጠብጣቧ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ አለፈች፣ ሌላዋ ላይ ቆመች። ረድፉን ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ወደ ባለጥፍሯ ጀርባ ዞረች፤ ልትናገራት መስሎኝ ነበር።

«ተያት» አለችኝ በመጨረሻ።

በሚቀጥለው ቀን እናቴ ለሁለታችን ከምትይዘው ዳቦ ላይ ቆርሳ ለባለጥፍሯ ሰጠቻት። ከዚያም በየቀኑ። ንዴቴን መግለጫ ቃል የለኝም። ሌባ ሲገባ ምሳ ትጋብዢዋለሽ ወይ ልላት ፈለግሁ። ሹራቤን ረስቼ ከመንገድ በተመለስኩ ጊዜ ደግሞ ባለጥፍሯ የእናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እናቴ ቀን የሠራችውን ስትነካካ አገኘኋት። ይህንንም ነገርኳት። ያኔም «ተያት» ነው ያለችኝ። ባለጥፍሯ በየማምሻው የእናቴን ምልክቶች ታቃና እንደነበር፣ እናቴም እንደምታውቅ፣ ሁለቱ ግን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተነጋግረው እንደማያውቁ የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። አንዷ እንዳታሳፍር፣ ሌላዋ እንዳትለምን ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ እናቴና አክስቴ ቤታችን ጓሮ ውስጥ አንሶላ ይጨምቁ ነበር። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያኛው ይዘው ያጣምሙታል። እኔ ደረጃው ላይ ነኝ።

«ንገሪው እንጂ» ትላለች አክስቴ። «ሰውዬው ክፉ አይደለም።»

«ክፉ አይደለም። ግን ነጋዴ ነው።»

«እስከ መቼ ትችይዋለሽ ታዲያ?»

«ልጅቷ ትንሽ እስክትጠነክር።»

«እሷ እስክትጠነክር አንቺ ታልቂያለሽ፣ እህቴ!»

እናቴ አንሶላውን ጠበቅ አድርጋ ጠመዘዘች፣ ውሃው ተንዠቀዠቀ። እኔ ነገሩን ወዲያው ፈታሁት። እናቴ ከሱቁ ለቃ ደረጃው እብነ በረድ የሆነ ትልቅ መሥሪያ ቤት ልትገባ ነው፤ ጋሼን ያልነገረችው ወንበሯን እኔ እስክረከብ ነው። ምልክት የምታስጠናኝም ለዚሁ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎበዝ ሆንኩ። እራት ላይ ሁሉ ማንኪያዬን አስቀምጬ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ እደረድራለሁ፤ እናቴም «ብዪ እስኪ» ትለኛለች እንጂ አትከለክለኝም።

ከዚያ የሒሳብ መምህሩ መጣ። በአካባቢው ያለው ትምህርት ቤት የሱቁ ትልቁ ደንበኛ ነበር፤ የፈተና ሰሞን ሌላ ሥራ ባይመጣም ግድ የለም። መምህሩ ቀጭን፣ እጅጌው ጠመኔ የነካው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ወረቀቶቹን ለእናቴ አስጨበጣት።

«ፈተና ነው፣ እትዬ። ካንቺ በቀር ማንም እንዳያየው።»

«ቁጭ በልና አንብብልኛ።»

«ክፍል አለኝ። የኔ ጽሑፍ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፣ ቁልጭ ያለ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ወጣ። ጋሼ ወረቀት ሊገዛ ሄዷል። ባለጥፍሯ ጥርሷን አሟት ሐኪም ዘንድ ናት። እናቴ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ወደ ጎን ያዘችው። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና «አንቺ ታነቢልኛለሽ» አለችኝ። ወንበሩ ለእኔ የሚሰጠኝ ቀን የቀረበ መሰለኝ።

ማሽኗን ስታበራው አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ። ነካካችው፣ ሶኬቱን ነቅላ ሰካች፣ የለም። ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ባለጥፍሯ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ቀያይ ነጠብጣቦቹ የሉም። እናቴ ጣቶቿን ባዶዎቹ ቁልፎች ላይ አንድ ሁለቴ አመላለሰችና ተነፈሰች።

«አንቺ ወረቀቱን ብቻ እዪ፣ እኔ ማሽኑን። እንዳትደናገሪ ቀና አትበይ።»

አነበብኩላት። «ሆዱ ወደ በር፣ ሰባት፣ መደመር፣ ሁለት፣ ሆዱ ወደ መስኮት፣ አፉ ወደ በር፣ ሦስት።» እናቴ ትጽፋለች። «ቀጥይ» ትለኛለች። ፈተናው ምልክት በምልክት ነበር፤ የሰው ቋንቋ ያለበት መስመር ጥቂት ነው። የእናቴ ላብ በጆሮ ግንዷ ሲወርድ አይቼ መስኮቱን ልክፈት ስላት «ቀጥይ» ብቻ አለችኝ። ስንጨርስ ድምፄ ሰልሎ ነበር። እሷ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። መምህሩ በሰዓቱ መጣ፣ ከማተሚያው የወጣውን ሳያየው ፖስታ ውስጥ ከተተው፣ አመስግኖ ሄደ።

አንባቢ ሳይደርስበት አይቀርም። በዚያኛው ጠረጴዛ ፊታችን ወደ ሌላው ግድግዳ ነው፤ በሩ በግራችን፣ መስኮቱ በቀኛችን ሆኗል። እኔ ልጅ ነኝ፣ በሩን እያየሁ በር አልኩ። የእሷ ጣቶች ግን በር ማለት ቀኝ እንደሆነ ከለመዱ ቆይተዋል። ከድካሟ ብዛት መገልበጣችን ትዝ አላላትም፤ እኔማ ጭራሽ አልታየኝም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ መምህሩ ሱቁ መሃል ቆሟል። ጋሼ ለመውጣት ኮቱን እንደለበሰ ነው።

«ደግነቱ ሳላባዛው አየሁት!» ይላል መምህሩ ወረቀቱን እያርገበገበ። «እይ እስኪ ጋሼ፣ ቅንፍ ሁሉ ጀርባ ተሰጣጥቷል! ሰባት ሲደመር ሁለት ከሦስት ያንሳል! ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው! ይሄን እኮ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይቶ ያውቀዋል። ዳይሬክተሩ ከእንግዲህ እዚህ ሥራ አታምጡ ብሏል።»

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ፊቱ ጠቆረ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለጥፍሯ።

ጉንጯ ገና እንዳበጠ ነው። «ከሐኪም ስመለስ ከእትዬ ተቀብዬ ጻፍኩት። በኔ ማሽን ነው። ጥርሴ ሲያመኝ ልብ አላልኩትም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ይህን ያህል ደፋር ሌባ አለ? ድምፄ እስኪሰልል ያነበብኩትን፣ እናቴ በላቧ የጻፈችውን ሥራ እኔ ነኝ ትላለች! ሊሸለሙበት የሚሻሙበት ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ጋሼ ሲጮህ ነው።

«ያ ትምህርት ቤት ይህን ሱቅ እንደሚያኖረው አታውቂም? እንግዲያው ዕቃሽን ሰብስቢ። ዛሬውኑ!»

ባለጥፍሯ መሳቢያዋን ሳበች።

«ተይ፣ እህቴ» አለች እናቴ። ከወንበሯ ተነሳች። «እሷ አይደለችም፣ ጋሼ። ትናንት አልመጣችም። እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፍቶ አለፈ።

«እንዴት አያይም?» አለ ጋሼ። «በየቀኑ ስትጽፊ የማይሽ?»

«ሰው እያነበበልኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ጋሼ የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ኮቱን እንደለበሰ ተቀመጠ። መምህሩ ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረ፤ አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው። ቅድም የተናገረው ትዝ ብሎት ይሆን አላውቅም፣ ወደ ማናችንም አላየም። ባለጥፍሯ መሳቢያዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ታለቅስ ነበር።

«ዛሬ ቤትሽ ግቢ» አለ ጋሼ በመጨረሻ። «ነገ እንነጋገራለን።»

እናቴ ቦርሳዋን አነሳች። እኔ ደብተሬን ይዤ ተከተልኳት፤ ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር። እንዲህ ያለ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ለባለጥፍሯ ብላ፣ ያውም ለእሷ፣ ራሷን ዓይነ ስውር አደረገች! ጎበዝ ውሸታም መሆኗ በአንድ በኩል ያኮራኛል፣ በሌላ በኩል ሥራዋን ልታጣ ነው፤ እኔስ የማንን ወንበር ልረከብ ነው? እሷ መንገዱን ሙሉ እንደወትሮው ጉድጓዱን ዞራ፣ መኪናውን አሳልፋ ተራመደች። የሚያይ ሰው እንጂ ሌላ አትመስልም።

የነገው ንግግር አጭር እንደነበር አውቃለሁ። ጋሼ እውነትም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የማታይ ጸሐፊ ግን ምን ያድርጋት? ያ ክረምት ከባድ ሆነብን፣ ከአክስቴ ጋር ተጠጋግተን አለፍነው። ኋላ ባለጥፍሯ አንድ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር እንደሚፈልግ ሰምታ እናቴን ክንዷን ይዛ ወሰደቻት፤ እናቴም ጡረታ እስክትወጣ የሰው ድምፅ ስታገናኝ ኖረች። ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው። እኔ ዛሬም ደክሞኝ ስቀመጥ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው፣ ቤት የገባንበት ሰዓት።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ነገ ሂጂና ለጋሼ እውነቱን ንገሪው» አልኳት።

«የቱን እውነት?»

«እንደምታዪ ነዋ! ለሷ ብለሽ ለምን ትዋሻለሽ?»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ጫማዎቿን በእጇ እየዳሰሰች አስተካክላ አልጋው ሥር አስገባቻቸው።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ፣ ፊት ለፊቷ ያለችውን ወንበር እያመለከተች።

ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። እሷ ስለ ነገ መናገር ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ሱቁ እንዳልሄድ፣ በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት እንድገባ፣ ቁልፉን የት እንደምታስቀምጥልኝ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። ፊቷን ወደ እኔ አድርጋለች፣ ዓይኖቿ እንደ ማንኛውም ሰው ዓይን ተከፍተዋል።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ምላሴን አወጣሁባት።

በቤታችን ለታላቅ ምላስ ማውጣት በጥፊ የሚያስመታ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጥፊውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ዓይኔን ገለጥኩና ምላሴን የበለጠ አወጣሁ፣ እስከ አገጬ ድረስ፤ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠጋሁ፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ። እሷ ስለ ቁልፉ አውርታ ጨርሳ ስለ ካልሲዬ ጀምራ ነበር፤ ገመዱ ላይ እንዳለ፣ ጠዋት እንዳልረሳው። እኔ እንደዚያ ሆኜ ቆየሁ፣ ምራቄ እጄ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ።

«ሰማሽኝ?» አለችኝ።

ምላሴን አስገባሁ።

«እሺ፣ እማዬ» አልኳት።